ጉድጓዱ ከመኪናው ጋር ይሄዳል

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ መድረክ ላይ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ሲነገር ሰምታችኋል። ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ አገር ዕድገት ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ የያዝነው ርእስ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ዝቅ ያለ ስንልም ከመሬት በታች አንድ ስንዝር ያህል ማለታችን ነው። ስለ መንገድ ጉድጓድ ልንናገር ነው የቆምነው። አንዳንዶቻችሁ ርእሱን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብባችሁ እንደ ሳቃችሁ ሰምተናል። ስቃችሁም ቢሆን ስለ መጣችሁ እናመሰግናችኋለን።

የዚህ ንግግር አዘጋጆች አገራችን ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ነው። ግማሾቻችን የምሕንድስና ተማሪዎች ነን፤ የቀሩት ምሕንድስና ባይማሩም ለዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲመላለሱ በመኪና ላይ ሲናጡ ያደጉ ስለ ሆኑ በጉዳዩ የመናገር መብት አላቸው። ነገሩን ለመመርመር ያነሣሣን መጽሐፍ ሳይሆን አንዲት እናት ናቸው።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አራታችን ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወደ ነፋስ መውጫ በሚወጣ መኪና ተሳፍረን ነበር። መኪናው ሰው ጢም ብሎበታል፤ ከላዩ የድንች ጆንያ፣ ከውስጡ የዶሮ ቅርጫት አለ። ከሹፌሩ ኋላ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ልጁን ሦስት ቀን ሙሉ ትኩሳት ስለ ያዘው ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሊወስዱት ነው። እኒህ እናት ጥቂት እንደ ተጓዝን የሹፌሩን እጅ ትኩር ብለው ሲመለከቱ ቆዩና፤

— አንተ ልጄ፣ መሪው ወደ ቀኝ ጠሞ ሳለ መኪናው ቀጥ ብሎ የሚሄደው እንደ ምን ነው? ብለው ጠየቁ።

— እመይቴ፣ ለምዶበት ነው፤ አይሥጉ፤ አላቸው ሹፌሩ።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ዳገቱን ሳንጨርስ የግራው የፊት ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ጎበዝ ስለ ነበረ መኪናውን ወደ ተራራው አስጠግቶ አቆመው። ወደ ገደሉ በኩል ዘንበል ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ንግግር የሚያደርግላችሁ ሌላ ሰው በሆነ ነበር። ወርደን የፈነዳውን ጎማ አየነው። በውጭው በኩል ጥርሱ ገና ያልተነካ ይመስላል፤ በውስጠኛው በኩል ግን እንደ ራስ ተላጭቶ ሽቦው ወጥቷል። ከውጭ ለሚያየው ደኅና ጎማ ነበር። ተለዋጩም ጎማ ከዚያው የተሻለ አልነበረም። ሌላ መኪና እስኪመጣ ድረስ በብርድ አደርን፤ ልጁ ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ፤ ደብረ ታቦር የደረስነውም በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ድኗል። ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም።

በዚያ ሌሊት አንድ ነገር አፍረን ተረዳን። በመኪናው ውስጥ ካለነው ሁሉ የምሕንድስና ጥያቄ የጠየቁት እኒያ እናት ብቻ ናቸው። የተማርነው ግን ስቀናል። ይህ ንግግር ለጥያቄያቸው የሚሆን የዘገየ መልስ ነው።

እንግዲህ አስቀድመን አገሩንና መንገዱን እንመልከት።

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙ ናቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ በላያቸው ቆሟል፤ ከርሱ የሚወርደው ውኃ በምሥራቅና በደቡብ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይገባል። አገሩ ደጋና ቆላ፣ አምባና ሸለቆ ነው። በዚህ አገር የሚያልፈው አውራ ጎዳና ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ፣ ጨጨሆን ተሻግሮ፣ በመቄት በኩል ወልድያ ይደርሳል። ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወረታ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ደብረ ታቦር 2,700 ያህል፣ ነፋስ መውጫ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነው። ስለዚህ መኪና በዚህ መንገድ ሲሄድ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ ሜዳ የሚያገኘው ጥቂት ነው። የአርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ሕዝብ ወደዚህ ጎዳና የሚደርሰው በተገንጣይ መንገዶች ነው፤ ጉድጓዱም የሚበዛው በነዚሁ ላይ ነው።

በዚህ አገር የመንኰራኩርና የመንገድ ነገር አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውንና 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ያስጓዙት በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነው። መድፉ በሠረገላ ላይ ሆኖ በሰው ጉልበት ይጎተት ነበር፤ መንገዱም ከፊት ከፊቱ እየተቈፈረና እየተደለደለ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ እንደ ነበር በጊዜው የነበሩ ጸሐፊዎች መስክረዋል። መቅደላ የደረሱት ከመንፈቅ ያህል ድካም በኋላ ነው። በዚያ ጉዞ የተማሩት ነገር ዛሬም እውነት ነው፦ መንኰራኩር ያለ መንገድ ሸክም እንጂ ረዳት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን በጐበኙ ጊዜ በተገኘው ብድር የወረታና የወልድያ መንገድ ሥራ ታቀደ፤ ሥራውም በደርግ ዘመን ተፈጸመ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ዛሬ አስፋልት የለበሰ ነው። ወደ ገጠር የሚገቡት ብዙዎቹ መንገዶች ደግሞ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በተለምዶ ዩራፕ የሚባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ካስጀመራቸው ወገን ናቸው፤ እነዚህ ጠጠር ወይም ዐፈር ናቸው። መንገድ አልተሠራም ብሎ መናገር እንግዲህ ሐሰት ነው። ተሠርቷል። ጥያቄው ከተሠራ በኋላ ማን ይጠብቀዋል? የሚል ነው።

ጉድጓድ እንዴት ይወለዳል? ብዙ ሰው የሚወለደው ከመኪና ክብደት ብቻ ይመስለዋል። በእውነቱ አባቱ ጭነት ሲሆን እናቱ ውኃ ናት። አስፋልት እንደ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ጭነቱን የሚሸከመው ከሥሩ ያለው የተጠቀጠቀ ጠጠርና ዐፈር ነው። አስፋልቱ ሲሰነጠቅ ውኃ ይገባል፤ ከሥሩ ያለው ዐፈር ይርሳል፤ መኪና ሲያልፍበት ጭቃው በስንጥቁ ተገፍቶ ይወጣል፤ ባዶ ስፍራ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ አስፋልቱ ተሰብሮ ይወርዳል። በጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል። የመንገዱ ጀርባ መካከሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ብሎ ካልተሠራ፣ ወይም ቦዩ በዐፈር ከተደፈነ፣ ውኃው መካከል ላይ ይቆማል። በቆመው ውኃ ላይ ጎማ ባለፈ ቍጥር ጥቂት ዐፈር ይረጫል። ዛሬ መዳፍ የሚያህለው በክረምቱ መጨረሻ ምጣድ ያህላል። መሬቱ ዋልካ በሆነበት ስፍራ የባሰ ነው፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውን መንገድም አብሮ ያነሣዋል፣ ይጥለዋል።

ስለ ጭነቱም አንድ ነገር እንጨምር። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ የጭነት መኪኖችን ቀንና ሌሊት በተሠሩ መንገዶች ላይ በማመላለስ ታላቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ከሙከራው የተገኘው ትምህርት፣ አንድ አክስል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከክብደቱ ጋር እኩል ሳይሆን ወደ አራተኛ ኃይል እየተባዛ የሚጨምር መሆኑ ነው። ክብደቱ 2 እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ያህል ይሆናል። 8 ቶን ሊሸከም የሚገባው አክስል 10 ቶን ቢጫንበት ጉዳቱ ወደ 2 እጥፍ ተኩል ይጠጋል። «ጥቂት ጆንያ ብንጨምር ምን አለበት?» የሚለው ነጋዴ ይህን ሒሳብ ቢያውቅ መልካም ነበር። በጫነው ትርፍ ጆንያ የሚያገኘውን ገንዘብ፣ በሚመጣው ዓመት በዚያው መንገድ ለጎማና ለባሌስትራ መልሶ ይከፍለዋልና።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ሲያጋጥመው የሚሻገረው በ100 የተከፈለ ሴኮንድ 3 እጅ ብቻ በሚሆን ጊዜ ነው፤ ይህም ዐይን ከሚርገበገብበት ያነሰ ነው። በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ከላይ ተጨቍኖ የነበረው ባሌስትራ ወይም ሞላ ጎማውን ወደ ጉድጓዱ ይገፋዋል። ሁለተኛ፣ ወደ ታች የወረደው ጎማ የጉድጓዱን ማዶ ጠርዝ በግንባሩ ይመታል። መኪናውን የሚጎዳው መውደቁ ሳይሆን ይህ ግጭት ነው። የግጭቱ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር በእጥፍ ብቻ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ 2 እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ60 ፈንታ በ30 የሄደ ሹፌር ግማሹን ሳይሆን ሦስት አራተኛውን አድኗል።

ይህን ግጭት እንዲቀበሉ የተሠሩ ክፍሎች አሉ። መጀመሪያ የሚቀበለው ጎማው ነው፤ በውስጡ ያለው አየር ትራስ ይሆነዋል። አየሩ ካነሰ ጎማው እስከ ቸርኬው ድረስ ይጨፈለቃል፣ ቸርኬውም ይጎብጣል፤ ከመጠን በላይ ከተነፋ ደግሞ ትራስነቱ ቀርቶ ምቱን ወደ ላይ ያሳልፈዋል። ሁለተኛው ባሌስትራ ወይም ሞላ ነው። ይህ ምቱን ተቀብሎ በመታጠፍ ያስቀምጠዋል፤ ነገር ግን የተቀበለውን መልሶ መስጠት ባሕርዩ ነው። ብቻውን ቢተው መኪናው እንደ ኳስ እየነጠረ ይሄድ ነበር። ሦስተኛው አሞርዛተር የሚባለው ነው። በውስጡ ዘይት አለ፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ስለሚገደድ የንጥረቱን ጉልበት ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል። ባሌስትራ ይሸከማል፣ አሞርዛተር ያረጋጋል ብለን ልንይዘው እንችላለን።

አሞርዛተሩ ዘይቱን ያፈሰሰ መኪና ከውጭ ሲታይ ምንም አይመስልም። ጎማው ግን መሬቱን እየነካና እየለቀቀ ነው የሚሄደው። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፣ መሪም አይሰማም። ይህን በጨጨሆ ጠመዝማዛ ላይ አስቡት። ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ፦ መኪናው ቆሞ ሳለ በአንዱ ማእዘን በኩል በሁለት እጅ ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ ነው። አንድ ጊዜ ተነሥቶ ከረጋ ደኅና ነው፤ ሦስትና አራት ጊዜ ከዘለለ አሞርዛተሩ ሞቷል።

በአይሱዙና በሌሎች የጭነት መኪኖች ላይ ባሌስትራው አክስሉን ከሻንሲው ጋር አሥሮ ይይዛል። የባሌስትራውን ንብርብር በመካከል የሚያያይዝ አንድ ብሎን አለ። በጉድጓድ ብዛት አጥብቀው የሚይዙት ብሎኖች ሲላሉ ይህ ብሎን ይበጠሳል፤ ያን ጊዜ አክስሉ በአንድ በኩል ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እንዲህ ያለውን መኪና ከኋላው ሆናችሁ ብታዩት፣ ፊቱ ወደ ደብረ ታቦር እያየ ጎኑን ሰጥቶ እንደሚሄድ ውሻ ጠማማ ሆኖ ይሄዳል። ሁላችንም አይተናል፤ ለምን እንደ ሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ ደረስን፤ ይኸውም የጎማ አሰላለፍ ነው፤ በጋራዥ ቤት አላይመንት የሚሉት።

የመኪና ጎማ እንደ እንስራ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። በሦስት ዓይነት ዘመም መጠን ተለክቶ የተገጠመ ነው። አንደኛው ከፊት ሆነን ስናየው ጎማው ቀጥ ብሎ መቆሙ ወይም ራሱን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ሁለተኛው ከጎን ስናየው ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ኋላ ዘንበል ማለቱ ነው፤ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ወደ ቦታው የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ከላይ ስናየው የሁለቱ የፊት ጎማዎች አፍንጫ እርስ በርሱ መቀራረቡ ወይም መራራቁ ነው፤ አንድ ሰው ሲቆም የእግሩ ጣቶች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚያዩ ማለት ነው።

ጉድጓድ ሦስቱንም ሊያበላሽ ይችላል፤ ፈጥኖ የሚያበላሸው ግን ሦስተኛውን ነው። ጎማዎቹን ከመሪው ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ዘንግ አለና፣ ጎማው በግንባሩ ሲመታ ምቱ ወደዚህ ዘንግ ይሄዳል። ዘንጉ ጥቂት ይጎብጣል፤ ወይም በጫፉ ያለው መገጣጠሚያ ይላላል። የጎበጠ ዘንግ አጠረ ማለት ነው። ዘንጉ ሲያጥር አንደኛው ጎማ አቅጣጫውን ይለውጣል። ያን ጊዜ መኪናው ወደ አንድ ወገን መሳብ ይጀምራል፤ ሹፌሩም ሳያስበው መሪውን በትንሹ ይጠመዝዛል፤ ሁለቱ ጎማዎች ጥመታቸውን ሲካፈሉት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መሪው ጠሞ መኪናው ቀጥ የሚለው ስለዚህ ነው፤ ለምዶበት አይደለም። ጥመቱ አልጠፋም፤ ከሹፌሩ እጅ ወደ ጎማዎቹ ተዛውሯል እንጂ።

ጎማዎቹስ ምን ይሆናሉ? በትንሽ ሒሳብ እናሳይ። አንድ ጎማ ከመኪናው ጉዞ አቅጣጫ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢጠም፣ መኪናው 1 ኪሎ ሜትር በተጓዘ ቍጥር ያ ጎማ 17 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። በግማሽ ዲግሪ ቢጠም እንኳ ወደ 9 ሜትር ይጠጋል። በግማሽ ዲግሪ የጠመመ ጎማ ከወረታ ወልድያ ሲደርስ ከ2 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ በአስፋልት ላይ ወደ ጎን ተፍቋል ማለት ነው። ሞረድ ላይ እንደ ተጎተተ ቢላዋ መሆኑ ነው። የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውጭ ካየ የሚያልቀው የውስጠኛው ጠርዝ ነው፤ ወደ ውስጥ ካየ የውጨኛው ነው። የእኛ መኪና ጎማ በስተ ውስጥ ተላጭቶ የተገኘው ለዚህ ነው። በስተ ውስጥ ያለውን ደግሞ ተጐንብሶ ያላየ ሰው አያየውም።

ጥመቱስ በዐይን ይታያል? አይታይም። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ 1 ዲግሪ ማለት በፊተኛውና በኋለኛው ጠርዝ መካከል የ1 ሴንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ነው። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ጎማ ሲፈነዳ ይሰማል፤ ባሌስትራ ሲሰበር ይንቋቋል፤ የአሰላለፍ ጥመት ግን ድምፅ የለውም። መኪናው ጉድጓዱን ያለፈ ይመስለዋል፤ ጉድጓዱ ግን ተሳፍሮ አብሮት ይሄዳል። ጎማውን፣ ኩሽኔታውን፣ ነዳጁን እየበላ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ዳገት ላይ ወይም ቍልቍለት ላይ እስኪወርድ ድረስ።

ወገኖቻችን፣ ይህ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ነውን? የጎማውን ዋጋ መጀመሪያ የሚከፍለው ባለ መኪናው ነው፤ እርሱ ግን በታሪፍና በጭነት ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ነጋዴው ከገበሬው በሚገዛው ድንችና ገብስ ላይ ይቀንሰዋል፤ በሚያመጣለት ጨውና ማዳበሪያ ላይ ይጨምረዋል። በመጨረሻ የጎማውን ዋጋ የሚከፍለው መኪና ኖሮት የማያውቀው የስማዳ ገበሬ ነው። መንገዱ ይበልጥ በከፋበት ወረዳ ሹፌሮች ፈጽሞ መሄድ ይተዋሉ፤ ያን ጊዜ ታማሚው በቃሬዛ ይወጣል። ያቺ ቅጽበት፣ 3 እጅ ከ100 የሆነችው ሴኮንድ፣ እዚህ ድረስ ትደርሳለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እንላለን።

አንደኛው ለሹፌሮች ነው። ብዙ ሹፌር ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሳለ ፍሬን ይረግጣል። ይህ ስሕተት ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይወድቃል፤ የፊቱ ሞላ ወይም ባሌስትራ አስቀድሞ ይጨፈለቃል፤ ምቱን የሚቀበልበት ስፍራ አይቀረውም። ፍሬን መያዝ ከጉድጓዱ በፊት ነው፤ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ እግርን ማንሣትና መሪን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ውኃ የሞላበትን ጉድጓድ ደግሞ ጥልቀቱን ካላወቁት ጥልቅ ነው ብሎ መያዝ ይሻላል።

ሁለተኛው ስለ መለካት ነው። በከተማ በመብራት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ በአርብ ገበያ ወይም በወገዳ እርሱን መጠበቅ አያስፈልግም። ክሪክ፣ ጠመኔና ሜትር ይበቃሉ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥቶ፣ እያሽከረከሩ በእያንዳንዱ ጎማ መካከል በጠመኔ ቀጭን መሥመር ማስመር፤ መልሶ አውርዶ፣ መሪውን አቅንቶ፣ መኪናውን ጥቂት ወደ ፊት መግፋት፤ ከዚያ በሁለቱ መሥመሮች መካከል ያለውን ርቀት ከፊትና ከኋላ በእኩል ከፍታ መለካት ነው። ልዩነቱ እንደ መኪናው ዓይነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባዋል፤ ከዚያ ከበለጠ መኪናው ወደ መካኒክ ይሂድ። ሜትር የሌለው ደግሞ እጅ አለው። መዳፉን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ያሻሸው። በአንዱ ወገን ለስልሶ በሌላው ከሻከረ ጎማው ወደ ጎን እየተፋቀ ነው። ይህን እኛ ከጎሚስታዎች ተማርን፤ በመጽሐፉም ውስጥ ኋላ አገኘነው።

ሦስተኛውና ዋናው ስለ መንገዱ ነው። አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ አገራችን መንገድ መሥራትን ተምራለች። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቍጥር 66 ተቋቁሞ ከነዳጅ ላይ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ እንዲሰበሰብ ሆኗል። ስለዚህ ነዳጅ የገዛ ሁሉ ለጥገና ከፍሏል፤ የከፈለም የመጠየቅ መብት አለው። ነገር ግን ጥገና ማለት ጉድጓድ ሲሰፋ ድንጋይ መሙላት ብቻ አይደለም። ጥገና የሚጀምረው ከቦዩ ነው። ክረምት ሳይገባ በግንቦት ወር ቦዩ ቢጠረግ፣ ቱቦው ቢከፈት፣ የመንገዱ ጀርባ ቢስተካከል፣ ውኃው ወደሚሄድበት ይሄዳል፤ ጉድጓዱም ሳይወለድ ይቀራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ያባቶቻችን ቃል ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም። ቦይ ለመጥረግ የሚያስፈልገው አካፋና ሰው ነው፤ ሁለቱም በአገራችን አሉ።

በዚህም ላይ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር ይልክ እንደ ነበር ከታላላቆቻችን ሰምተናል። እኛ አንድ ዓመት አልጠየቅንም። በሚመጣው ዕረፍት ከየወረዳችን የምንሄድ ተማሪዎች፣ በየመንገዳችን ላይ የተደፈነውን ቦይና የተወለደውን ጉድጓድ በስፍራው፣ በስፋቱና በጥልቀቱ መዝግበን እንምጣ። መምህራኖቻችን ቅጹን ያዘጋጁልን። ማኅበሩም መዝገቡን ለሚመለከተው ክፍል ያቅርብ። «መንገዱ ተበላሸ» ብሎ ማማረር ሁሉም ይችላል፤ «በዚህ ስፍራ፣ በዚህ ቱቦ አጠገብ፣ ይህን ያህል ጥልቀት» ብሎ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የሚሰማውም ሁለተኛው ነው። በየመናኸሪያውም በጠመኔና በሜትር መለካትን ለረዳቶች ብናሳይ ከኛ የሚጐድል የለም።

ይህ ሐሳብ ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። አዎን፣ ትንሽ ነው። ጥመቱም ግማሽ ዲግሪ ነበር።

እኛ ወደ እርሻው፣ ወደ ገበያውና ወደ ሆስፒታሉ በሚሄደው ሰው ገንዘብ የምንማር ነን። ያ ሰው ሲጠይቀን መሳቅ የለብንም። እኒያን እናት ነፋስ መውጫ ላይ ወይም አርብ ገበያ ላይ እንደ ገና ብናገኛቸው እንዲህ እንላቸዋለን፦ «እመይቴ፣ የዚያን ዕለት የጠየቁት ትክክል ነበር። መሪው የጠመመው ጎማው ስለ ጠመመ ነው፤ ጎማው የጠመመው መንገዱ ስለ ተቦረቦረ ነው፤ መንገዱ የተቦረቦረው ቦዩ ስለ ተደፈነ ነው። ቦዩን ለመክፈት እየመጣን ነው።»

መጥተን እንድንገኝ፣ ጓደኞቻችን፣ ስማችሁን ከአዳራሹ በር አጠገብ በተዘረጋው ወረቀት ላይ እንድትጽፉ እንለምናችኋለን።